ደሴና ኮምቦልቻ ለሚመላለስ፦ ከውጭ የሚመጣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ወይስ አገር ቤት ያለች ቪትዝ?

ያገለገለ መኪና ልግዛ ያለ የደሴ ሰው ዛሬ ምርጫው ጠቧል። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። "ከዱባይ ቪትዝ አስመጣለሁ" ማለት ቀርቷል። ከውጭ ካስመጣችሁ ኤሌክትሪክ ነው። የነዳጅ መኪና ይሻለኛል ካላችሁ ደግሞ ቀድማ ገብታ እዚሁ ስትሽከረከር የኖረችውን ነው የምትገዙት። አዲስ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ይህን ማንበብ አያስፈልገውም፤ እንኳን ደስ አለው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ውሎው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሆነ ሰው ኤሌክትሪኩን ይውሰድ። ተከራይ ከሆነ ወይም አዲስ አበባ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ከሆነ ቪትዝ ትሻለዋለች።

ሐረጎ ላይ ማን ያሸንፋል?

አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው የመኪና ምክር ለእኛ ሁልጊዜ አይሠራም። ምክንያቱ ሐረጎ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። በዚያች አጭር ጠመዝማዛ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ባለ 1 ሊትር ቪትዝ አራት ሰው ጭና ስትወጣ ያየ ያውቀዋል። ኤሲ ይጠፋል። እግር ነዳጁ ላይ ተጥዶ ይቀራል። ከፊት ተሳቢ ካለማ መቅደም የሚባል ነገር የለም።

ጥፋቱ የቪትዟ ብቻ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደሴ ላይ ያለች ቪትዝ ሩብ ያህል ጉልበቷን ጥላ ነው የምትኖረው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ነዳጅ ስለማያቃጥል አየር አይፈልግም። ዱባይም ላይ ደሴም ላይ ጉልበቱ ያው ነው።

ታዲያ ባትሪ አይጨርስም? እናስላው። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የመንገዱ ርዝመት የሚወስደው ለብቻ ነው። ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላለው ሰው ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ቁልቁል ሲመለስ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። በቀስታ ከወረዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ፐርሰንቱ እምብዛም አይቀንስም። የፍሬን ሸራም ይተርፋል። ቪትዝ ይዞ የወረደ ሰው ግን የፍሬን ሽታ ያውቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ደሴ አድራችሁ 100 በመቶ ሞልታችሁ አትውረዱ። የሞላ ባትሪ ቁልቁለቱ የሚሰጠውን አይቀበልም። 85 ወይም 90 ላይ አቁሙት።

ሽቅቡም ቁልቁሉም የኤሌክትሪኩ ነው። ግን መንገድ ሐረጎ ብቻ አይደለም። ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጣርማ በር ዳገትም አለበት። ባትሪው ትንሽ የደከመ መኪና ይህን በአንድ ቻርጅ አይጨርስም። ከቤት ቆጣሪ በተራ ሶኬት 3 ኪሎዋት ያህል ነው የምታገኙት፤ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባዶ ባትሪ ለመሙላት 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ማታ ሰክታችሁ ለምትተኙ ችግር የለውም። መብራት የጠፋ ለታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቪትዝ አጣዬም ብትቆም ባቲም ብትቆም የሚያውቃት መካኒክ አታጣም፤ መለዋወጫዋም እንደ ልብ ነው።

ከማስመጣታችሁ በፊት

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስትገዙ የምትገዙት ባትሪውን ነው። የተሸፈነውን ወንበር፣ የሚያብለጨልጨውን ቀለም እርሱት። ሻጩ የባትሪውን ጤንነት የሚያሳይ ንባብና የሻንሲ ቁጥሩን በአንድ ቪዲዮ ቀርጾ ይላክላችሁ። ለየብቻ የተላከ ፎቶ የማንም መኪና ሊሆን ይችላል። ጤንነቱ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ወይ ዋጋው በደንብ ይውረድ ወይ ይቅርባችሁ። ኒሳን ሊፍ ርካሽ ነው ብለው ይመጡባችኋል። ባትሪው በፈሳሽ አይቀዘቅዝም፣ በሙቀት አገር ቶሎ ይደክማል፤ የጃፓኑ ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። እኔ አልነካውም።

የሶኬቱን ዓይነትም ጠይቁ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢ/ቲ ነው፤ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2። የማይገጥም ከሆነ ፈጣን ቻርጀር አጠገብ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። የቻይናው ስክሪን በቻይንኛ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ የስልክ አፑም የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። አሁን ደግሞ "ያገለገለ ግን ዜሮ ኪሎ ሜትር" የሚሉት አለ። ቻይና ውስጥ አንዴ በስም ተመዝግቦ ሳይነዳ እንደ አሮጌ የሚላክ ነው። መኪናው አዲስ ነው፤ ዋስትናው ግን እዚህ ላይሠራ ይችላል። ዋጋው ዋስትና ካለው መኪና ዋጋ ብዙ ካልወረደ ምን ይጠቅማችኋል?

በቀረጥ ኤሌክትሪክ ብዙ ይቀልለታል። ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ለአሮጌ የነዳጅ መኪና ኤክሳይዙ እስከ 500 በመቶ ደርሷል። የቪትዝ ዋጋ አልወርድ ያለው ለዚህም ነው፤ እገዳው ሲጨመርበት አዲስ የምትገባ የለም። ቀረጡ በየጊዜው ይነካካልና የዛሬውን ከትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ ከሚያስፈጽምላችሁ ሰው) በጽሑፍ ያዙ። ጉምሩክ ደረሰኛችሁ ላይ ያለውን ዋጋ እንዳለ አይቀበልም፤ የራሱ ማመሳከሪያ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የውጭ ዋጋ ሁሉ በብር ዘሏል፤ ስለዚህ ውላችሁ በዶላር ነው በብር የሚለውን አስቀድማችሁ ለዩ።

ቪትዝ የምትገዙ ከሆነ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሊብሬውን ክፈቱ። በሊብሬው ላይ ያለው ስምና ፊታችሁ የቆመው ሰው አንድ ካልሆኑ፣ በመሐል ስንት ውክልና እንዳለ ጠይቁ። የሰነዱ የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር በዓይናችሁ ይመሳከር፤ የተፋቀ ወይም በብየዳ የተነካካ ከሆነ ሂዱ። ብዙዎቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። ዳሽቦርዱ ሲነካ ይንቀጫቀጫል? መሪው በሁለቱም በኩል እኩል ይዞራል? ከዚያ ሻጩን ይዛችሁ ሐረጎን ውጡ። ሞተሩ ከመጠን በላይ ከሞቀ ድርድሩ ሌላ ነው።

የሚያስመጡት ደግሞ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ መድረሻው ምን እንደሚል ይዩ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃም ሚሌ ላይ ወደ ባቲ ታጥፎ ይደርሳታል። መኪናችሁ እዚህ ሊስተናገድ ይችል እንደሆነ ትራንዚተሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሞጆ ተብሎ ከተጻፈ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በራሳችሁ ወጪ ይዛችሁት ትመለሳላችሁ።