ፎቶ አትሞ ለመሸጥ የትኛው ፕሪንተር ይሻላል? ኤል18050 እና ፒ700 በእጄ ካየሁት

ሰሞኑን ሶስት ልጆች በተለያየ ቀን "ፎቶ አትሜ መሸጥ ልጀምር ነው፣ የቱን ፕሪንተር ልግዛ?" ብለው ጠየቁኝ፣ ለእያንዳንዱ ቮይስ ከምልክ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው። አዲስ አበባ ነው የምሰራው። የጥምቀት፣ የላሊበላ፣ የሰሜን ተራሮች ፎቶ አትሜ ፍሬም አስገብቼ ለካፌ፣ ለቢሮ፣ ለሰው ሳሎን እሸጣለሁ፣ በአል ሲደርስ ደግሞ ባዛር ላይ 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆኑ ትናንሽ ካርዶች ይዤ እወጣለሁ። ቤቴ ያለው ኤፕሰን ኤል18050 ነው፣ ሁለት አመት ሊሞላው ነው። ለውድ ስራ ደግሞ ጓደኛዬ ጋ ያለውን ኤፕሰን ፒ700 እጠቀማለሁ፣ ወረቀቱን እኔ ይዤ እሄዳለሁ የቀለሙን እከፍለዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደተቃጠልኩ ልንገራችሁ ምክንያቱም ከዛ በኋላ የወሰንኩት ነገር ሁሉ ከዚች ታሪክ ነው የመጣው። ስጀምር የነበረኝ ባለ አራት ቀለም የቢሮ ፕሪንተር ነበር፣ ቀለሙን ደግሞ ከአንድ ሱቅ በሊትር የሚሸጠውን ርካሹን ነው የምሞላው። ሲታተም ያምራል፣ ማንም አይለየውም። አንድ የጎንደር ጥምቀት ፎቶ በኤ3 (ሁለት ኤ4 የሚያክል) አትሜ ካፌ ላላቸው እናት ሸጥኩላቸው፣ በመስኮቱ ትይዩ ሰቀሉት። ሰባት ወር ሳይሞላ ደወሉና "ልጄ፣ ይሄ ፎቶ ታሟል መሰለኝ፣ እስቲ ና እየው" አሉኝ። ሄጄ ከፍሬሙ ሳወጣው በዙሪያው ካርቶኑ የሸፈነው አንድ ሳንቲሜትር የሚሆን ጠርዝ ልክ ያተምኩት ቀን እንደነበረው ነው፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ከጠርዙ ወደ ውስጥ ያለው ግን ሰማያዊው ለቆ ሁሉም ነገር ቀላ ያለ ቢጫ ሆኗል፣ የቀሳውስቱ ጥላ ወርቁ ከቀዩ አይለይም። ሁለቱ ቀለም ጎን ለጎን እጄ ላይ ሆኖ ሳየው በጣም ነው ያፈርኩት። ብራቸውን ልመልስ ብል እምቢ አሉ፣ በደንብ አሳትሜ ቀየርኩላቸው፣ ግን የዛን ቀን ለስንት ሰው ሳሎን እንዲህ አይነት ፎቶ ሸጫለሁ ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እና ለመሸጥ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የነጠብጣብ ብዛት) ነው" ሳይሆን "ቀለሙ ምንድነው" መሆን አለበት። ዳይ የሚባለው ቀለም በፈሳሹ ውስጥ እንደ ስኳር የሟሟ ነው፣ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፣ ግሎሲ ላይ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ግን ብርሃንና አየር ቶሎ ይጎዳዋል። ፒግመንት ደግሞ በጣም ደቃቅ ዱቄት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ ዋጋው ይወደዳል ግን ግድግዳ ላይ ረጅም አመት ይቆያል። ከዳዩም ቢሆን ኦሪጅናሉና በሊትር የሚሸጠው በፍጹም አንድ አይደሉም፣ እባካችሁ እዚህ ጋ አትቆጥቡ።

ኤል18050 ዳይ ነው። ስድስት ቀለም አለው፣ ጥቁር፣ ሲያን (ሰማያዊው)፣ ማጀንታ (ቀዩ)፣ ቢጫ፣ ከዛ ፈዘዝ ያሉት ላይት ሲያንና ላይት ማጀንታ። እነዚህ ሁለት ላይት ቀለሞች ምን ያደርጋሉ የምትሉ ካላችሁ ነጠላ የለበሰ ሰው ፎቶ አትሙና እዩት። ባለ አራት ቀለሙ ላይ ነጠላው እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ወይ ነጭ በነጭ ሆኖ ይጠፋል ወይ ደግሞ ደቃቅ ነጠብጣብ ይታያል፣ ጉንጭና ግንባር ላይም እንደዛው። በስድስቱ ግን ጥላው ቀስ እያለ ነው የሚገባው፣ የሽመናው መስመር ሳይቀር ይታያል። የኛ ሰው ቆዳ ላይ ደግሞ ልዩነቱ የበለጠ ነው ምክንያቱም ቡናማው ውስጥ ያለው ቀይና ቢጫ በደንብ ካልተመጠነ ፊት አመድ ይመስላል።

ወረቀት እስከ ኤ3 ፕላስ (ከኤ3 ትንሽ የሚበልጥ) ይወስዳል፣ ዋይፋይ አለው። ከሱ በፊት የነበረው ኤል1800 በኬብል ብቻ ነበር፣ እሱም ስድስት ቀለም ነው እና በደንብ የተያዘ ሰከንድ ሃንድ ካገኛችሁ አትናቁት። ሌላ የወደድኩለት ቀለም ስሞላ ጠርሙሱ ከራሱ ታንክ ጋር ብቻ ነው የሚገጥመው፣ ሰማያዊውን ቀዩ ውስጥ ደፋሁት የሚባል ነገር የለም። የፕላስቲክ መታወቂያ ካርድም ያትማል፣ ፎቶ ገበያ ሲቀዘቅዝ እሱም እንጀራ ነው።

የኤል18050 ትልቁ ነገር ግን የቀለሙ ሂሳብ ነው። አንዱ ጠርሙስ 70 ሚሊ ሊትር ነው። የፒ700 አንዱ ካርትሪጅ (የቀለም መያዣው) 25 ሚሊ ሊትር ነው፣ ብዛቱ ደግሞ አስር። የብር ዋጋ አልጽፍላችሁም፣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጠየቃችሁት ዋጋ በሳምንቱ ሌላ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ግን ስትደውሉ የፕሪንተሩን ብቻ አትጠይቁ፣ የሙሉ ቀለሙን ጠይቁና በሚሊ ሊትር አካፍሉት፣ ያኔ ነው እውነተኛው ዋጋ የሚታያችሁ። ፕሪንተሩን አንዴ ነው የምትገዙት ቀለሙን ግን ስራው እስካለ ድረስ ነው።

ፒ700ን በተመለከተ ምን ልበላችሁ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የምትሸጡ ከሆነ በቃ ሌላ ወሬ የለም። ፒግመንት ነው፣ ግሬይና ላይት ግሬይ አለው፣ ለግሎሲና ለማት (ለማያብረቀርቀው) ወረቀት የተለያየ ጥቁር አለው፣ ቫዮሌት ሳይቀር። በዳይ ስድስት ቀለም ጥቁርና ነጭ ስታትሙ ግራጫው የሚሰራው ከቀለማቱ ተደባልቆ ስለሆነ አምፖል ስር ወደ አረንጓዴ ወይ ወደ ቀይ ሊያደላ ይችላል፣ ቀን መስኮት ጋ ስታዩት ደግሞ ሌላ ይሆናል። በግሬዩ ግን ግራጫው ግራጫ ነው። ባለፈው የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን በጥጥ ወረቀት፣ ሃህነሙሌ ፎቶ ራግ 308 ግራም (በካሬ ሜትር) ላይ አተምኩት፣ የድንጋዩ ሻካራነት በእጅ የሚዳሰስ ነው የሚመስለው፣ የገዛው ሰውዬ መስታወቱን አንሳልኝ ብሎ ዝም ብሎ ቆሞ አየው። እንደዚህ አይነቱን ነው ፈርሜበት ቁጥር ሰጥቼ የምሸጠው። ኤ2 የሚፈልግ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ፒ900 አለ፣ ካርትሪጁም 50 ሚሊ ነው።

ታዲያ ለምን እኔ ፒ700 አልገዛሁም? ሁለት ምክንያት። አንደኛው ካርትሪጁ እዚህ እንደልብ አይገኝም፣ ጓደኛዬ ከዱባይ በሚመጣ ሰው ነው የሚያስመጣው፣ አንዱ ቀለም ካለቀ ደግሞ በቀሩት ዘጠኙ ማተም የሚባል የለም፣ ይቆማል። ዘመድ ከውጭ ፕሪንተር ሊልክላችሁ ከሆነ የካርትሪጁን ቁጥር አስቀድማችሁ አጣሩ፣ አሜሪካ የተገዛው አውሮፓና ዱባይ የሚሸጠውን ላይቀበል ይችላል።

ሁለተኛው የመጠቀም ነገር ነው፣ ይሄ ለሁሉም ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም ለሚረጭ ፕሪንተር) ነው። ፕሪንተር ስራ ሲፈታ ይደርቃል። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ነው አቧራ አለ፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ያልተነካ ፕሪንተር ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹ መስራታቸውን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት) ስታደርጉለት ሳይቆራረጥ መውጣት የነበረበት መስመር መሀል ላይ ጥርሱ እንደወለቀ ክፍት ክፍት ሆኖ ይመጣል። ከዛ ሄድ ክሊኒንግ (ቀለም የሚረጨውን ሄዱን ማጽዳት) ነው፣ እያንዳንዱ ክሊኒንግ ደግሞ ቀለም ይጠጣል፣ በ25 ሚሊ ካርትሪጅ ሲሆን ያማል። እኔ ትእዛዝ ኖረም አልኖረም በየሰኞው ጠዋት ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ትንሽ ፎቶ አትማለሁ፣ ማታ ደግሞ በጨርቅ እሸፍነዋለሁ። መብራት ነገርም አለ፣ ክሊኒንግ ላይ እያለ መብራት ከሄደ ሄዱ ቦታው ሳይመለስ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ከፕሪንተሩ ጋር አብራችሁ ግዙ፣ ፕሪንተሩን ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሳይሆን በራሱ በተን አጥፉት፣ በራሱ ሲጠፋ ነው ሄዱን የሚከድነው።

ሌሎቹን ባጭሩ። የካነን ፕሮ-300 የፒ700 ተፎካካሪ ነው፣ ኤ3 ፕላስ ፒግመንት፣ ካርትሪጁ ከፒ700ም ያንሳል። ፕሮ-1000 ኤ2 ነው፣ አስራ ሁለት ካርትሪጅ እያንዳንዱ 80 ሚሊ፣ ክብደቱ 32 ኪሎ ገደማ፣ የራሱ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ብዙ ትእዛዝ ላለው ስቱዲዮ ነው። ሰርግና ምርቃት ላይ እዛው አትማችሁ የምትሰጡ ከሆነ ግን ኢንክጄት ተዉት፣ ዲኤንፒ አርኤክስ1 አይነቱ ነው የሚያዋጣው፣ በሙቀት ነው የሚያትመው፣ 10 በ15ቱን በ12 ሰከንድ ገደማ ደርቆ ያወጣዋል፣ አንዱ ጥቅል 700 ፎቶ ነው ስለዚህ የአንዱ ፎቶ ዋጋ ከመጀመሪያው ይታወቃል። ካነን ሴልፊም በዚሁ መንገድ ነው የሚሰራው ግን ቀስ ይላል፣ ለቤት ነው።

ስለ ካሜራ የሚጨነቁ አሉ። 24 ሜጋፒክስል ካላችሁ 6000 በ4000 ነው፣ በ300 ዲፒአይ 51 በ34 ሳንቲሜትር ገደማ ይወጣል፣ ኤ3 ደግሞ 42 በ29.7 ነው፣ ይተርፋችኋል። ይልቅ ስክሪናችሁን ብርሃኑን ቀንሱ፣ ፎቶው ጠቆረ የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ስክሪናቸው ሙሉ ብርሃን ላይ ነው ያለው።

ወረቀትም ከቀለሙ እኩል ነው። ቀጭኑ ግሎሲ ፍሬም ውስጥ ሲቆይ ይጥመለመላል፣ ከ240 ግራም በታች ለሽያጭ አልጠቀምም፣ ለሳሎን ለስተር (ከግሎሲ ያነሰ የሚያብረቀርቅ ወረቀት) እመርጣለሁ ምክንያቱም ማታ መብራት ሲበራ አያንጸባርቅም። ካተማችሁ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ሳታሽጉት አሳድሩት፣ ቶሎ መስታወት ስር ከገባ ከውስጥ ጭጋግ ይሰራል፣ ሁለት ፍሬም ድጋሚ ፈትቻለሁ በዚህ ምክንያት።

አሁን እንዴት እንደምሸጥ ልንገራችሁ፤ ካርድና ትናንሹ በኤል18050 በኦሪጅናል ቀለም ነው፣ ለገዢው ፀሀይ ቀጥታ የሚመታው ቦታ አትስቀሉት እላለሁ፣ በመስታወት ነው የማስረክበው። ትልቁና የተፈረመበት በፒግመንት ብቻ፣ ዋጋውም እንደዛው፣ ከጀርባው በምን ቀለም በየትኛው ወረቀት መቼ እንደታተመ በእርሳስ እጽፍበታለሁ። ልትጀምሩ የመጣችሁት ሶስታችሁም በሳምንት ከአስር ፎቶ በላይ እንደምትሸጡ ገና አታውቁም፣ ስለዚህ ኤል18050 ወይም ትልቅ መጠን ካላስፈለጋችሁ ኤ4ቱን ኤል8050 ግዙ፣ ፒግመንቱን ካለው ሰው ጋር ተስማምታችሁ አሳትሙ።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ የሚያሳያችሁን የአበባና የፓሮት ናሙና አትዩ፣ እሱ በየትኛውም ፕሪንተር ያምራል። የራሳችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዛው አሳትሙ፣ ነጠላ ያለበት፣ ጥላ ውስጥ ያለ ፊት ያለበት ይሁን። ወረቀቱን ይዛችሁ ከሱቁ ውጡና በቀን ብርሃን እዩት። እኔ ይዤ የምዞረውን ፋይል የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ እልክለታለሁ።