እናቴን ላስታመመችልን እህት

እናቴ ካረፈች ሁለት ወር አለፈ። ይህን ምስጋና ቶሎ ልጽፈው ነበር፤ እጄ እምቢ እያለኝ ቆየሁ።

እናቴ ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ ከተያዘ በኋላ 11 ወር አልጋ ላይ ነበረች። መጀመሪያ የምናስታምማት እኛው ልጆቿ ነበርን። ፍቅር አልጎደለንም፣ አያያዙን ግን አናውቅበትም። ይህች እህት ገና በመጣች ቀን ከወገቧ ዝቅ ብሎ ቀላ ያለ ቦታ አየች። በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ቅላቱ እንዳለ ነው። "ሲጫኑት ካልነጣ ቆዳው መጎዳት ጀምሯል ማለት ነው" አለችን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ፣ ሌሊት ሌሊት ከእኛ ጋር እየተፈራረቀች፣ በየ2 ሰዓቱ ታገላብጣት ጀመር።

ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ስር ትራስ ታደርጋለች። ልብስ ስታለብሳት የማይታዘዘውን እጅ ታስቀድማለች፣ ስታወልቅላት ደግሞ እሱን መጨረሻ ታደርጋለች። ትን እንዳይላት ቀና አድርጋ ነው የምታጎርሳት፤ በልታ እንደጨረሰችም ቶሎ አታስተኛትም። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። ሳታስፈቅድ አትነካትም። "እማማ፣ አሁን ወደ ግራ ላዞርዎት ነው" ትላለች። እናቴ መናገር አትችልም። እሷ ግን ዓይን ዓይኗን እያየች መልስ ትጠብቃለች።

በአምስተኛው ወር የዚህች እህት ታናሽ ወንድም ሞተባት። ቀብራው ስትመለስ ማታውኑ ለብ ባለ ውሃ የእናቴን እግር ማጠብ ጀመረች። ዓይኗ አብጧል። እንባዋ ይወርዳል፣ ከአፏ ግን ዝግ ያለ መዝሙር ይወጣል።

"ዛሬ እንኳ ተይው፣ እኔ አጥባታለሁ" አልኳት።

"ተወኝ ወንድሜ" አለችኝ። "ጌታ በሚያዝባት ሌሊት እንኳ እግር አጥቦ የለ? እኔም ዝቅ ስል ነው እሱን የማገኘው። ሐዘኑ አይጠፋም፣ ግን ደስ ይለኛል።"

ያን ማታ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን ደግሜ አነበብኩ። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! ሰዓቱ እንደደረሰ እያወቀ መሆኑን፣ እግራቸው ከታጠበላቸው አንዱም ይሁዳ መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ እስከዚያ ድረስ የገዛ እናቴን ማጠብ ያሳፍረኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የማታውን እኔ ተቀበልኳት። በጣቶቿ መሃል ውሃ እንዳይቀር ማድረቅን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድ ማታ አጎንብሼ ሳደርቅላት እናቴ ደህናውን እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች። ለካ እያዜምኩ ነበር።

አሁን ሥራ እየፈለገች ነው። ቤታችሁ የሚታመም ሰው ካለ ዓይናችሁን ሳታሹ ውሰዷት። ነርስ አይደለችም፣ መርፌ አትወጋም፤ ትኩሳት ወይም ያላማራት ነገር ስታይ ግን "ሐኪም ጥሩ" ለማለት አታመነታም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ይህን ከመጀመሪያው ተስማሙ። ሌሊቱን በሙሉ በእሷ ላይ ብቻ አትጣሉት፣ እምቢ ማለት አትችልበትምና። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ እንዳትቆጪኝ፤ ስምሽን አልጠራሁም። እናቴ ገላዋ ላይ አንዲት ቁስል ሳይኖር ነው ያረፈችው። እግዚአብሔር ይስጥልን።