በደሴ ያየሁት የእባብ ንድፊያና የኩላሊት ክትትል አገልግሎት

የአጎቴን ልጅ ባቲ ቆላ ማሽላ ሲያጭድ እፉኝት እግሩን ነድፎት ደሴ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ባመጣነው ጊዜ የተሰጠን አገልግሎት በአብዛኛው የሚያስመሰግን ነው። ተረኛው ሐኪም ቁስሉን ካየ በኋላ ወዲያው ስለ ሽንቱ መጠንና ቀለም ጠየቀ፤ የእፉኝት መርዝ የደም መርጋትን ስለሚያዛባ፣ የደም ግፊትን ስለሚያወርድ፣ አልፎ ተርፎም ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ስለሚችል ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳን። ከዚያም ጥቂት ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ቀድቶ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ አቆመው፤ ሲያዘነብለው ደሙ ሳይረጋ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ በዚህም የመርዝ ማርከሻው መርፌ ሳይዘገይ ተጀመረ።

ከሁሉ በላይ ያረካኝ ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሽንቱን እየለኩ መመዝገባቸውና ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚከማቸው ክሬአቲኒን የተባለው ቆሻሻም በየዕለቱ መመርመሩ ነው፤ የሽንት መቀነስ በጊዜ ካልታወቀ ሕመምተኛው ለኩላሊት እጥበት ሊዳረግ ይችላልና።

ቅሬታዬ በመውጫው ላይ ነው፦ ክሬአቲኒኑ ዳግም የሚታይበት ቀጠሮና እንደ ዳይክሎፌናክ ካሉ ኩላሊትን ከሚጎዱ ማስታገሻዎች መራቅ እንዳለበት የተነገረን እኛ ስለጠየቅን ብቻ በቃል ነበር፤ ይህ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል።