የፕሮፖዛል ቲም አመራር ኮርሱን ጨረስኩት፣ ለምታስቡበት ይጠቅማል
የጨረታ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ቲም ነው የምመራው፣ ይሄን የኦንላይን ኮርስ የገባሁትም ተቃጥዬ ነው፤ አንድ ጨረታ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንለፋ ከርመን አባሪው ውስጥ ያለች አንድ መስመር፣ ሲቪውን ባለሙያው ራሱ ይፈርምበት የምትል፣ አምልጣን ቴክኒካል ፕሮፖዛላችን ሳይነበብ ከውድድሩ ወጣን። ሁሉም ሌላው አይቶታል ብሎ ነበር።

ኮርሱ በደንብ የጠቀመኝ እዚህ ጋ ነው። የጨረታ ሰነዱ እንደመጣ ማንም ምንም ሳይጽፍ "አለበት" "ማቅረብ ይኖርበታል" የሚለውን ሁሉ እየለቀማችሁ ኤክሴል ላይ ታሰፍራላችሁ፣ ከጎኑ ገጹን፣ የምንመልስበትን ክፍልና የአንድ ሰው ስም። ኮምፕላያንስ ማትሪክስ የሚሉት እሱን ነው፣ እኛም ነበረን ግን ስም የሚገባበት ቦታ "ቴክኒካል ቲም" ብለን ነበር የምንሞላው፣ እንደሱ ሲሆን ደግሞ ተጠያቂ የለም። ምሳሌው የአሜሪካ ፌደራል ጨረታ ነው፣ የሰነዱ ክፍል ኤል (L) ፕሮፖዛሉን እንዴት እንደምታቀርብ ይነግርሃል፣ ክፍል ኤም (M) በምን እንደምትመዘን፣ አወቃቀሩን ከኤል ወስደህ ጉልበትህን ኤም ላይ ታውላለህ። ክፍሎቹ ስማቸው ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ለሌላም ጨረታ ይሰራል።

ሬድ ቲም ያሉትንም ወዲያው ሞከርኩት። ረቂቁ ሊያልቅ ሲል ጽሁፉ ውስጥ እጃቸው ለሌለበት ሁለት ባልደረቦቼ ከነነጥብ መስጫው ሰጠኋቸው፣ እንደ ገምጋሚ አንብባችሁ ነጥብ ስጡ ብዬ። አንዷ የሜቶዶሎጂው፣ ማለትም ስራውን እንዴት እንደምንሰራ የምንገልጽበት ክፍል፣ መጀመሪያ ላይ "መልሱ የታለ?" ብላ ጻፈችበት። መልሱ ነበር፣ ግን ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ! አንስተን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አደረግነው፣ ለካ ስለ ድርጅታችን ታሪክ ሁለት ገጽ ሙሉ እያወራን ነበር።

ቅር ያለኝ ደግሞ፣ ጨረታው ውስጥ እንግባ ወይስ እንተወው የሚለውን በአስር ደቂቃ ነው ያለፉት፣ ለኔ ግን ቲም የሚያደክመው የማያሸንፈውን ሁሉ ሲጽፍ ነው። ሌላው፣ መደበኛ ስራው ላይ ተወጥሮ ረቂቅ የማያመጣውን ኢንጂነር ምን እናድርገው ለሚለው መልስ የለውም። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየጠየቅኩት የሚለውን እጽፋለሁ፣ አርባ ደቂቃ ይበቃል፣ ከዛ እሱ ያርመዋል። ባዶ ገጽ ሰጥቶ ከመጠበቅ በጣም ይሻላል።

በጥቅሉ ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። ጊዜ ከሌላችሁ የማትሪክሱንና የሬድ ቲሙን ሞጁል ብቻ እዩ፣ ማትሪክሱን ግን አሁን እጃችሁ ላይ ባለው ጨረታ እየሰራችሁ እዩት።