ቴሲስ ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ላይብረሪያኗን አግኙ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ተመስገን ነው፣ የማስተርስ ቴሲሴን ዲፌንድ አድርጌ ጨረስኩ። ከአማካሪዬ ቀጥሎ በአደባባይ ማመስገን የምፈልገው ስድስት ኪሎ፣ ዋናው ግቢ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ አንዲት ላይብረሪያንን ነው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም።

ርዕሴ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንደሆነ ስነግራቸው "ርዕሱስ ይሁን፣ ጥያቄህ ምንድን ነው?" አሉኝ። ባቡሩ በከተማዋ ኢኮኖሚ ላይ ያመጣው ለውጥ አልኳቸው። ብጣሽ ወረቀት አወጡና ሦስት ቃል ጻፉበት፦ የት? ከመቼ ወዲህ? የማን? እነሱን ስንሞላ ይቺ ወጣች፦ "ባቡሩ መስከረም 2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመገናኛ ጣቢያ ዙሪያ የትንንሽ ሱቆች ኪራይ እንዴት ተለወጠ?" ከዚያ በኋላ ምን ላንብብ፣ ማንን ላነጋግር የሚለው ጭንቀት ቀለለልኝ። ጥያቄው ራሱ ይመራል።

አነባበብም አሳይተውኛል። መጀመሪያ አብስትራክቱንና መደምደሚያውን ማየት፤ ከጥያቄህ ጋር ካልተገናኘ ማለፍ። ማስታወሻ ስትይዝ የገጹን ቁጥር እዚያው መጻፍ። የተነበበውን ደግሞ በጸሐፊ ሳይሆን በሐሳብ መመደብ፦ ስለ ኪራይ የሚናገሩት ለብቻ፣ ስለ እግረኛ ብዛት የሚናገሩት ለብቻ። መግቢያው መጨረሻ ላይ ቢጻፍ ይሻላል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ምን እንዳገኘህ ሳታውቅ ምኑን ታስተዋውቃለህ?

በጣም የወደድኩት የስም ጉዳይን ነው። ማጣቀሻ የሚያዘጋጁት ሶፍትዌሮች የኢትዮጵያዊን ስም ገልብጠው በአባቱ ስም ይደረድሩታል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። እያንዳንዱን እያስገቡ ማስተካከል ያስፈልጋል። ዲፓርትመንታችሁ የትኛውን አጻጻፍ እንደሚፈልግ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

"ቴሲስ እንሠራለን" ለሚሉት እባካችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። ፈታኝ ፊት ስትቆሙ ያልጻፋችሁትን ማስረዳት አትችሉም። እኚህ ሴት አንድ መስመር አይጽፉላችሁም፤ እናንተ እስክትጽፉት ድረስ ግን ይጠይቋችኋል። ክፍያ የለውም።

ፕሮፖዛል ከማስገባታችሁ በፊት ሂዱ። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት ተማሪ ይበዛባቸዋል። ሐሳባችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ያዙ።

እትዬ፣ ይህን ካነበቡት እግዜር ይስጥልኝ። ጥራዙ እንደወጣ አንድ ኮፒ ይዤልዎት እመጣለሁ።