የአዳማው ባለ ፕሬስ ባትላሜራ ቤት፦ ኮፈን ይበሳል፣ የት እንደሚበሳ ግን አትጠይቁት

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰሌዳ የሌለው ባትላሜራ ቤት አለ። ምልክቱ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ የቮልስ ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ ላሜራ) ነው። እንደ ጎረቤቶቹ የተጋጨ ያቃናል፣ የበሰበሰ ወለል ይለውጣል። በዚህ ሥራው የተለየ ነገር የለውም። ሰው ከሩቅ መኪና ይዞለት የሚመጣው ለአሮጌ መኪና ባለ መተንፈሻ ኮፈን (የሞተር መሸፈኛ) ስለሚሠራ ነው፤ እንደ ዓሣ ስንጥብ ተደርድረው ከላሜራው ላይ ብቅ ያሉትን የአየር መውጫዎች ማለቴ ነው። ከዚህ በኋላ አንዷን መውጫ «ከንፈር» እላታለሁ፣ ቅርጿም ያው ነው።

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጥ፦ ለመብሳቱ ከአምስት አምስት፣ ለብየዳው ሦስት፣ ለቀለሙ ሁለት፣ ለምክሩ ዜሮ። ይህን አውቆ ለሚሄድ ሰው ግን የሚመከር ቤት ነው።

ሌላ ቦታ ይህ ሥራ በግራይንደር ነው የሚሠራው። ላሜራው በዲስክ ይሰነጠቅና በካቻቢቴ ተፈልቅቆ በመዶሻ ይነሳል። ውጤቱን ከሩቅ ማየት ይበቃል፤ አንዷ ከንፈር ከፍ፣ ሌላዋ ዝቅ፣ ጫፋቸው እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ። ዲስኩ ራሱ ከ1 ሚሊ በላይ ብረት ይበላል፣ ሙቀቱ በስንጥቁ ዙሪያ ያለውን ላሜራ ያጨማድዳል፣ ከዚያ ጉድለቱ በስቱኮ ይሞላል። ሞተር ላይ የሚቀመጥ ኮፈን ደግሞ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስለሚውል ወፍራም ስቱኮ ጥቂት ወር ቆይቶ ይሰነጠቃል።

እዚህ ፕሬስ፣ ማለትም ብረት መጫኛ ማሽን አለ። ከአይቢም (ከወፍራም የግንባታ ብረት) ተበይዶ የተሠራ፣ ሲ ቅርጽ ያለው፣ በ20 ቶን ጃክ የሚገፋ። ዋናው ነገር የጃኩ ጉልበት አይደለም፤ 0.8 ሚሊ ላሜራ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ለመቁረጥ የዚያ ሩብ እንኳ አያስፈልግም። ዋናው ጉሮሮው፣ ማለትም የሲው ክፍተት ነው። ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ስለሚገባ ኮፈኑ በግራም ቢገባ በቀኝም ቢገባ መሃሉ ይደረስበታል። ተራ ባለ ሁለት ምሰሶ ፕሬስ ላይ ሰፊ ኮፈን በምሰሶዎቹ መካከል አያልፍም፣ ብዙዎቹ የሚሰናከሉትም እዚያ ነው። ስታምፖው (ላሜራውን ቅርጽ የሚያስይዘው ብረት) ወንድና ሴት ነው፤ ከከባድ መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ ቶርኖ ቤት ተሞርዷል። የወንዱ አንዱ ጠርዝ ስለት ነው፣ ይቆርጣል። ሌላው ጠርዝ ክብ ነው፣ ላሜራውን ሳይቆርጥ ይጎትታል። ሁለቱ እንዳይዛነፉ የሚመሩ ሁለት ፒኖች አሉት።

ሥራው ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ረዳቱ ኮፈኑን በሁለት እጁ ደግፎ ከስታምፖው ጋር ያስተካክላል፣ ባለሙያው የጃኩን እጄታ ይረግጣል። ሦስት አራት ግፊት ላሜራው ድምፅ የለውም። ከዚያ «ጠቅ» ይላል፤ ስለቱ አለፈ ማለት ነው። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ሦስት ግፊቶች ቀስ ያሉ ናቸው፣ ከንፈሯ የምትነሳው በእነሱ ነው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ጥጉን ይቀድዳል። በየአምስት ከንፈሩ ስለቱ ላይ በጨርቅ ዘይት ይቀባል። ይህን የሚያደርግ ቤት ብዙ አይገኝም።

ቤቱ የሚሠራው አንድ መጠን ነው፦ ርዝመት 80 ሚሊ፣ ከፍታ 10 ሚሊ፣ ከከንፈር ወደ ከንፈር 28 ሚሊ። ከፍ እንዲልላችሁ አትለምኑ። ባለ 0.8 ሚሊ ላሜራ ከ12 ሚሊ በላይ ሲነሳ ሁለቱ ጥጎች የሚዘረጉት ብረት ያጥራቸውና ይቀደዳሉ። ርቀቱንም ከ25 ሚሊ በታች ማውረድ ቀጣዩ ምት የቀደመችውን ከንፈር እንዲጫናት ማድረግ ነው። አዲስ ላሜራ ገዝታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ያለው፣ ዚንክ ያልተነከረ ጥቁር ላሜራ ይሻላል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተነከረው) አይዝግም ብለው የሚያመጡ አሉ፤ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል፣ ብየዳውም በአረፋ ይበላሻል። የጣሪያ ቆርቆሮማ እዚህ ወሬ ውስጥም መግባት የለበትም።

ከመሄዳችሁ በፊት ቀለሙን ራሳችሁ አንሱት፣ ከላይም ከሥርም። ስቱኮ ያለበትን ቦታ በማግኔት ፈልጉ፣ የማይነክስበት ቦታ ሁሉ ድሮ ተጋጭቶ የተሞላ ነው። ስታምፖው ስቱኮ ላይ ሲወርድ ስቱኮው ይፈረካከሳል፣ ፍርፋሪው ሴቷ ውስጥ ይገባና የሚቀጥለውን ከንፈር ያበላሻል። ቤቱ ይህን ቀድሞ አይነግራችሁም። ፕሬሱ ሥር ሲያገኘው ሥራውን አቁሞ ቀለም ማንሳቱን ለብቻው ያስከፍላል።

ቅደም ተከተሉን ግን ያውቁበታል። ከመሃል ጀምረው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። እያንዳንዷ ከንፈር ከዙሪያዋ ትንሽ ብረት ትስባለች፤ ከአንድ ጫፍ ተጀምሮ በተከታታይ ከተመታ 18ኛዋ ላይ ሲደረስ ኮፈኑ እንደ ሙዝ ይጎብጣል፣ ከፓራፋንጎው ጋር የነበረው ክፍተትም በአንድ በኩል ይሰፋል። ሥራውን ስትረከቡ ኮፈኑን አንሱና ከሥሩ የስልክ መብራት አብሩ፣ ጥላ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በከንፈሩ ጥግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን ከታየ ስንጥቅ ነው። ዛሬ 2 ሚሊ የሆነው በመንገድ ንዝረት እያደገ ይሄዳል። የስንጥቁ መጨረሻ ላይ በ2 ሚሊ መብሻ ቀዳዳ ይበሳና በአንዲት ነጥብ ብየዳ ይዘጋል። ሲጠየቁ ያለ ክፍያ ይሠሩታል፣ ካልተጠየቁ ያልፉታል።

አሁን ወደ ድክመቱ። ደንበኛው «ጋሼ፣ የት ቢሆን ይሻላል?» ሲል መልሱ «አንተ ደስ ያለህ ቦታ» ነው። ሰው ደግሞ ደስ የሚለው ከፊት መስታወቱ አጠገብ ነው፣ ያምራላ። እዚያ ሆኖ ግን ሥራ አይሠራም። መኪናው ሲሄድ አየር መስታወቱ ሥር ተጋጭቶ ስለሚከማች ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ ከንፈሮቹ ሙቀት በማውጣት ፈንታ አየር ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ የራዲያተሩም አየር መውጫ ያጣል። ፔዦ 404ን ወይም ቶዮታ ዲኤክስን ለመሰለ ፊቱ ላይ ራዲያተር ላለው መኪና ቦታው ከራዲያተሩ ጀርባ ነው፣ ከኮፈኑ የፊት ሲሶ እስከ ግማሹ፣ የከንፈሩ አፍ ወደ መስታወቱ ዞሮ።

እርግጠኛ ለመሆን ወጪ የለውም። 10 ሳንቲ ሜትር የሹራብ ክሮች በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በፕላስተር ኮፈኑ ላይ ይለጠፉ፣ መኪናው ሜዳ መንገድ ላይ በ60 ወይም በ70 ይነዳ፣ አጠገብ የሚሄድ መኪና ቪዲዮ ይቅረጽ። ክሩ ተለጥፎ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚተኛበት ቦታ ጥሩ ነው። የሚንቀጠቀጥበትና ወደ ፊት የሚዞርበት ቦታ ይተው። ይህን በጠዋት አድርጉት። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ንፋስ ራሱ ክሩን ያጫውተዋል፤ እነዚያ የንፋስ ተርባይኖች ከተማዋ ዳር ላይ በከንቱ አልተተከሉም።

ከዚያ ፎርማ፣ የከንፈሮቹን ቦታ የሚያሳይ ልክ። በካርቶን፣ የኮፈኑን መሃል መስመር ይዞ። ልኬቱ ከጠርዝ ሳይሆን ከመሃል ይጀምር፣ ምክንያቱም ሃምሳ ዓመት የሞላው ኮፈን ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። በሥሩ ያለውን የአጥንት ፍሬም በእርሳስ ወደ ላይ አስተላልፉና ከእሱ 20 ሚሊ ራቁ። አጥንቱን ቆርጦ ለከንፈር ቦታ መስጠት ኮፈኑን ያላላዋል፣ ማጠፊያውና መቆለፊያው አካባቢ ደግሞ ፈጽሞ አይነካም። ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) እና ካርቦራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) የት እንዳሉም አይታችሁ ከንፈር በላያቸው አትደርድሩ፤ ክረምት ላይ ቆሞ ያደረ መኪና ጠዋት የማይነሳው በዚያ ነው። ፎርማ ይዞ የሄደ ሰው ላይ ቤቱ 1 ሚሊ አይስትም። ባዶ እጁን የሄደ የሚያምር ግን የማይሠራ ኮፈን ይዞ ይመለሳል።

ቮልስ ሌላ ሒሳብ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣውም አየር ስለሆነ ከንፈሮቹ ሙቀት ለማስወጣት አይደሉም፣ ለቬንትሌተሩ (ለማቀዝቀዣው ማራገቢያ) ቀዝቃዛ አየር ለማስገባት ናቸው። ፋብሪካው ራሱ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል የኋላ ኮፈኑ ላይ 26 መግቢያ አድርጓል። ስለዚህ የሚደረደሩት በላይኛው ክፍል ነው፣ አፋቸው ወደ ታች፣ ዝናብ ላያቸው ላይ ተንሸራትቶ እንዲወርድ። ከሥር የውሃ መቀበያ ላሜራ ካልታሰረ ጠብታው ዲስትሪቢዩተሩን ያገኘዋል። እዚህ ቤት መቀበያውን አይሠሩም፣ በ0.8 ሚሊ ላሜራ ሌላ ቦታ ማስጠፍ ያስፈልጋል። ደግሞ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ከተበላ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚነሳው ሙቀት ወደ ላይ ይመለሳል፣ ቬንትሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር ይስባል። ኮፈኑን በእንጨት ደግፎ ገርበብ አድርጎ የሚነዳ የቮልስ ባለቤት ሁሉ መጀመሪያ ያንን ጎሚኒ ይይ። ፊያት 600 ላለው ሰው ይህ ወጪ አያስፈልገውም፣ የኋላ ኮፈኑ ከፋብሪካው ተሰንጥቆ ነው የወጣው።

ብየዳው መካከለኛ ነው። የቮልስ ኮፈን በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ስለሆነ አንዳንዴ ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ ተመትቶ ተቆርጦ ይገባል። በሚግ (ሽቦ ራሱ በሚመግብ መበየጃ)፣ በ0.8 ሽቦ፣ ነጥብ በነጥብ ይበይዳሉ፣ ይህ ትክክል ነው። ነጥቦቹን ግን ያቀራርባሉ፣ እስኪቀዘቅዝም አይጠብቁም። «በነጥብና በነጥብ መካከል 25 ሚሊ ተዉልኝ፣ ተቃራኒ ጎን እየዞራችሁ ሙሉ» በሏቸው። እጅ ሲያርፍበት የማያቃጥል እስኪሆን መጠበቅ ነው ሕጉ።

ቀለም እዚያ አታስቀቡ። ግቢው ክፍት ነው፣ ከሰዓት በኋላ አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። ከዚያ የባሰው ከንፈሩ ሥር ነው። የመርጫው ጭጋግ ጥጉ ውስጥ አይገባም፣ ዝገት የሚጀምረውም ከዚያ ከተቆረጠው ጠርዝ ነው። ጠርዙ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ስለቱ ይሰበር፣ ከዚያ ኢፖክሲ ፕራይመር በቀጭን ብሩሽ ከሥር በእጅ ይቀባ፣ መርጫ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ከመብሳቱ በፊት ይጣራ። 18 ከንፈር በአንድ ላይ የሚከፍተው ወደ 130 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 40 በ45 የሆነ ራዲያተር 1,800 ነው። መኪናው የሚፈላው ራዲያተሩ ስለተደፈነ፣ ቺንጋው ስለላላ ወይም የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ስላቆመ ከሆነ ኮፈን መብሳት አያድነውም። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ በ94 እና በ95 ዲግሪ መካከል ይፈላል። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያንን በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ክዳን ከኮፈን ይረክሳል።

ዋጋ በከንፈር ይቆጠራል፣ ስለዚህ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ብየዳና ማቃናት ለብቻ ነው። ፎርማ ያለው ጠፍጣፋ ኮፈን ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ይወጣል። የጎበጠው ሁለት ቀን ይፈጃል። ስትወስዱት ጓንት ያዙ፣ አዲስ የተመታ ከንፈር እንደ ምላጭ ነው። ባጃጅ ላይ የምትጭኑት ከሆነ ከንፈሮቹ ወደ ላይ ይሁኑ፣ በሥሩም ብርድ ልብስ አንጥፉ።