ባለ 35 ስኩዌር ኬብል በኢንቨርተሬ ላይ፦ ከ9 ወር በኋላ

ቤቴ ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተርና አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለ። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 እየቀየረ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና ዋይፋዩን ይይዝልኛል። ዛሬ የምጽፈው ግን ሁለቱን ስለሚያገናኘው ኬብል ነው። ሰው ኢንቨርተር ሲገዛ ዋቱን ይጠይቃል፣ ባትሪ ሲገዛ አምፔሩን ይጠይቃል፣ ኬብሉን የሚጠይቅ ግን የለም።

መጀመሪያ የገጠመልኝ ባለሙያ ባትሪውን በረንዳ፣ ኢንቨርተሩን ሳሎን አድርጎ በ10 ስኩዌር የቤት ሽቦ አገናኛቸው (ስኩዌር የሚባለው የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው)። ርቀቱ 3 ሜትር ነው። ለትልቅ ምድጃ የሚበቃ ሽቦ ስለሆነ ወፍራም መሰለኝ። ከዚያ ፍሪጁ ሊነሳ ሲል ኢንቨርተሩ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። "ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው" ተባልኩ። ባትሪው ገና ሦስት ወር አልሞላውም!

ቮልት የሚለካ ቴስተር ተዋስኩና ባለ 800 ዋት የውሃ ማፍያ ሰክቼ ለካሁ። ባትሪው ጫፍ ላይ 11.9 ቮልት፣ ኢንቨርተሩ ጫፍ ላይ 10.9። አንድ ሙሉ ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የኔ ኢንቨርተር ደግሞ ከ11 በታች ሲወርድ ነው የሚጮኸው። ሽቦውን ስነካው ለብ ከማለት አልፎ ይሞቃል። ባትሪው ምንም አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ220 ቮልት 800 ዋት ማለት 3.6 አምፔር ገደማ ናት። በ12 ቮልት ግን፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲጨመር፣ ወደ 75 አምፔር ይደርሳል። ሽቦ ላይ የሚባክነው ኃይል ደግሞ በአምፔሩ ልክ ብቻ አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ለቤት መስመር የለመድነው ግምት እዚህ አይሠራም። ለመዳብ የሚሆነው ስሌት ቀላል ነው፦ 0.0175ን በርዝመቱ (በሜትር) እና በአምፔሩ አባዝተህ ለስኩዌሩ ታካፍላለህ። የሚወጣው የሚጠፋው ቮልት ነው። ርዝመቱ ግን ደርሶ መልስ ይታሰብ፤ ፖዘቲቩም ኔጋቲቩም ይቆጠራል። የኔው 3 ሜትር 6 ሜትር ነበር ማለት ነው። ስሌቱ 0.8 ቮልት ገደማ ሰጠኝ፣ የቀረው መጋጠሚያዎቹ ላይ ነበር።

መርካቶ ሄጄ ባለ 35 ስኩዌር የብየዳ ኬብል ገዛሁ። ክሮቹ እንደ ፀጉር ስለቀጠኑ እንደ ልብ ይታጠፋል። ስትገዙ ግን የላስቲኩን ውፍረት አትመኑ። ጫፉን ላጥ አድርጉና አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ ተዉት። ክብደቱም ይናገራል፤ የ35 ስኩዌር አንድ ሜትር ንጹሕ መዳብ ላስቲኩን ሳይጨምር 300 ግራም ያልፋል። ኢንቨርተሩንም ወደ ባትሪው አስጠጋሁትና ርቀቱ 1.5 ሜትር ሆነ። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ግን ጠቅሞኛል።

ያንኑ ውሃ ማፍያ ሰክቼ ስለካ 11.9 እና 11.7። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሪጁ ሲነሳ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ችግር አልነበረም አልልም። አራተኛው ወር ላይ ኬብሉ ቀዝቃዛ ሆኖ አንዱ ጫፍ ላይ ያለው የመዳብ ቀለበት ብቻ ሲያቃጥል አገኘሁት። በመዶሻ ቀጥቅጬ ነበር ያሰርኩት፤ ለካ ክሮቹ ውስጥ ለውስጥ ላልተዋል። ቆርጬ በሃይድሮሊክ መጭመቂያ የሚያስሩበት ጋራዥ ወሰድኩት፣ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ወፍራም ኬብል ገዝቶ ጫፉን በፒንሳ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው፣ ለእሳትም ያጋልጣል። ብሎኖቹንም በየሁለት ወሩ አጠብቃቸዋለሁ።

ፊውዝ ሳታስገቡ ደግሞ በፍጹም እንዳትገጥሙ። እኔ 125 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ላይ አስገብቻለሁ። እንዲህ ያለ ባትሪ ሾርት ሲያደርግ ከሺህ በላይ አምፔር ሊለቅ ይችላል፣ ኢንቨርተሩ ጋ የተቀመጠ ፊውዝ መሀል ያለውን ኬብል አያድነውም።

የማማርረው ዋጋውን ነው፤ ውድ ነው። ላስቲኩም በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚመታው ቦታ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ በዚህ ሳምንት ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባዋለሁ። ከ1000 ዋት በላይ ለምትፈልጉ ግን ከዚህ የወፈረ ኬብል ከመፈለግ በፊት ባለ 24 ቮልት ኢንቨርተር ጠይቁ፤ ለያው ዋት አምፔሩ በግማሽ ይወርዳል።